ጦሩና ሰይፉ የሚያርፉበት፦ የቅድስት ሴሲልያና የቅዱስ ያሬድ ሥዕሎች ከአሶሳ ሲታዩ

“የህዳሴ ዘመን ሥዕል” የሚለው ሐረግ አሶሳ ላይ ሲነገር የሚሰጠው ስሜት አዲስ አበባ ላይ ከሚሰጠው ይለያል። “ህዳሴ” የሚለው ቃል በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለሚኖር ሰው በቅድሚያ የሚያስታውሰው በ2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በኢጣልያ ከተሞች የተሣሉ የቅዱሳን ሥዕሎች ከዚያ በኋላ፣ ያውም በመምህር አስታዋሽነት የሚመጡ ናቸው። ይህን ማንሣታችን ለቃላት ጨዋታ አይደለም። ሥዕል ምንጊዜም ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚነበብ እንደመሆኑ መጠን፣ የቦታው ቃላትና የቦታው ድምፆች ወደ ንባቡ መግባታቸው አይቀርም። የዚህ መጣጥፍ ዓላማም የራፋኤልን “ቅድስት ሴሲልያ” እና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የአሣሣል ትውፊት የታወቀውን የቅዱስ ያሬድና የዐፄ ገብረ መስቀል ሥዕል ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከአሶሳ ሆኖ ማንበብ ነው።

ሁለቱን ቅዱሳን ማቀራረብ ቀላል ነው፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ ቀላል ነው። ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1585 የተመሠረተው የሙዚቃ አካዳሚ በሴሲልያ ስም ይጠራል፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደግሞ በያሬድ ስም። ከዚህ ተነሥቶ “እነርሱ ሴሲልያ አለቻቸው፣ እኛ ያሬድ አለን” ማለት ይቻላል፤ ግን እንዲህ ሲባል ንጽጽሩ ሳይጀመር ያልቃል። ሴሲልያ አንድም ዜማ አልደረሰችም። በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሰማዕትነቷ ታሪክ የሚለው፣ ያለ ፈቃዷ በተዳረችበት ቀን የሠርጉ የዜማ ዕቃዎች ሲያሰሙ እርሷ በልቧ ለአምላኳ ትዘምር ነበር ነው። የሙዚቃ ጠባቂ ቅድስት ለመሆን የበቃችው እንግዲህ ፊቷ የሚመታውን ሙዚቃ ባለመስማቷ ነው! ያሬድ ግን ደራሲ ነው። ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ ዝማሬውን፣ መዋሥዕቱንና ምዕራፉን ትውፊቱ ለእርሱ ይሰጣል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶችም እንዲሁ። የአንዷ ቅድስና በዝምታ፣ የሌላው በድምፅ ተገልጧል። ስለዚህ ሁለቱን ሥዕሎች የሚያገናኛቸው ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

በራፋኤል እንጀምር። ሥዕሉ ቦሎኛ በምትባለው የሰሜን ኢጣልያ ከተማ፣ ኤሌና ዱልዮሊ በተባለች በመንፈሳዊነቷ የታወቀች እመቤት ጸሎት ቤት እንዲቆም ታዞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1514 እስከ 1517 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው። ዛሬም የሚገኘው በዚያችው ከተማ የሥዕል ሙዚየም ነው። መሀል ላይ ሴሲልያ ቆማለች። ዐይኗ ወደ ላይ ነው። በእጇ የያዘችው ትንሽ ኦርጋን ወደ ታች ተዘቅዝቋል፤ ቧንቧዎቹም ከቦታቸው እየሾለኩ ናቸው። ከእግሯ ሥር እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታ ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ፣ ዋሽንቶች፣ አታሞና የብረት ቃጭሎች ወዳድቀዋል፤ ክሩ የተበጠሰ፣ ቆዳው የተቀደደ አለባቸው። ሰማዩ ተከፍቶ ስድስት መላእክት መጽሐፍ ዘርግተው ይዘምራሉ፤ በእጃቸው ምንም መሣሪያ የለም። በሴሲልያ ግራና ቀኝ ጳውሎስ፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ፣ አውግስጢኖስና መግደላዊት ማርያም ቆመዋል።

ብዙ ሃያስያን ይህን ሥዕል የሚያነቡት በሦስት ደረጃ ነው፤ መሬት ላይ የተሰበረ መሣሪያ፣ መካከል ላይ ሰው፣ ላይ ደግሞ ያለ መሣሪያ የሚዘመር ሰማያዊ ዜማ። ንባቡ ትክክል ነው። ሠዓሊው ራሱ አስቦ የደረሰበት ስለመሆኑም ማስረጃ አለ። ማርካንቶኒዮ ራይሞንዲ የተባለው ቀራጭ ከራፋኤል ቀደም ያለ ንድፍ ወስዶ ባሳተመው ሥዕል ላይ መላእክቱ መሣሪያ ይዘው ይጫወታሉ። በመጨረሻው ሥዕል ግን ራፋኤል መሣሪያውን ከመላእክቱ እጅ ወስዶ መሬት ላይ ጣለው። የወደቁትን ዕቃዎች በብሩሽ የሠራቸው ረዳቱ ጆቫኒ ዳ ኡዲኔ መሆኑን የሠዓልያኑን ሕይወት የጻፈው ቫዛሪ ይነግረናል፤ እንዲህ ተጠንቅቆ የተሣለ የተናቀ ዕቃ ማየት ራሱ ያስገርማል።

ይሁንና ይህን ጸሐፊ ይበልጥ የሳበው ጳውሎስ ነው። ከሥዕሉ በስተግራ ቆሞ፣ አንድ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ፣ ሰይፉን ተደግፏል። የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን የወደቁትን መሣሪያዎች ነው። ዮሐንስና አውግስጢኖስ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ መግደላዊት ደግሞ ወደኛ፣ ወደ ተመልካቾቹ ትመለከታለች። ከአምስቱ ሰማዩን የምትሰማው አንዲት ሴሲልያ ብቻ ናት ማለት ነው። እንግዲህ ሥዕሉ የሙዚቃ ሥዕል ከመሆኑ በፊት የመስማትና ያለመስማት ሥዕል ነው። የጳውሎስ ሰይፍ ጫፉ መሬት ላይ ነው፤ አጠገቡ ያሉት የተሰበሩ ዕቃዎች ናቸው። ማንንም አልወጋም።

አሁን ወደ ያሬድ ሥዕል እንምጣ። እንደሚታወቀው ይህ ሥዕል የአንድ ሠዓሊ ሥራ ሳይሆን በየዘመኑ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ፣ በብራናና በኋላም በወረቀት ኅትመት ሲደጋገም የኖረ ዓይነት ነው። ዝርዝሩ ከሠዓሊ ሠዓሊ ይለዋወጣል፤ ዋናው ነገር ግን አይለወጥም። ያሬድ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ይዘምራል፤ ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ከበውታል። ከፊቱ ዘውድ የደፋው ዐፄ ገብረ መስቀል ጦሩን ተደግፎ ቆሟል። የጦሩ ጫፍ ያረፈው በያሬድ እግር ላይ ነው፤ ደሙም ይፈሳል። አንዳንዱ ሠዓሊ ከበላያቸው ሦስቱን አዕዋፍ ያክላል።

ጳውሎስ ሰይፉን እንደተደገፈ ሁሉ ገብረ መስቀልም ጦሩን ተደግፏል። ሁለቱም ከሙዚቃ ፊት የቆሙ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ላይ መሣሪያ ስንል የጦር መሣሪያ ማለታችን ነው፤ አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል መስጠቱ ለዚህ ንባብ ጠቃሚ አጋጣሚ ሆነ። ልዩነቱ የጫፉ ማረፊያ ላይ ነው። የጳውሎስ መሬት ላይ፣ የገብረ መስቀል ሰው እግር ላይ። በራፋኤል ሥዕል የመስማት ዋጋ የሚከፈለው በዕቃ ነው፤ ኦርጋኑ ይፈርሳል፣ ክሩ ይበጠሳል። በያሬድ ሥዕል ዕቃው ሁሉ ደኅና ነው፤ የሚጎዳው ዘማሪው ነው።

ዕቃው ደኅና መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድምታው ትምህርት ከበሮው ራሱ የክርስቶስ አካል ምሳሌ ነው። ሰፊው አፉ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ፣ ጠፍሩም የግርፋቱ ሰንበር፣ የለበሰው ጨርቅ የተሣለቁበት ልብስ ነው ይባላል። እንዲህ ተደርጎ የተነበበን ዕቃ መሬት ላይ ሰብሮ መጣል የሚችል ሠዓሊ አይኖርም። ለራፋኤል መሣሪያው ከሰማይ ዜማ በታች ያለ፣ ሲደረስ የሚተው ነገር ነው። ለያሬድ ሠዓሊዎች ግን ቁስሉን አስቀድሞ ተሸክሞ የመጣ ነው፤ የሰውየው እግር ሲወጋ የሚሆነው ከበሮው ከሚናገረው ጋር አንድ ነው።

ስለ ጊዜ አመራረጡም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሌሲንግ እ.ኤ.አ. በ1766 ባሳተመው “ላኦኮን” በተባለው ድርሰቱ፣ ሥዕል እንደ ትረካ መሄድ ስለማይችል አንዲት ቅጽበት መምረጥ አለበት፤ የሚመረጠውም የድርጊቱ ጫፍ ሳይሆን የተመልካቹን ምናብ የሚያሠራው ሊሆን ይገባል የሚል መከራከሪያ አቅርቧል። የኛ ሠዓሊዎች ሌሲንግን ሳያነቡ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የግንቦት 11 ስንክሳር ታሪኩን ሙሉ አድርጎ ይተርካል። ንጉሡ ድምፁን እየሰማ ጦሩን በእግሩ ላይ ተከለው፤ ሁለቱም አልታወቃቸውም። ሲነቅለው ደም ፈሰሰ። ደንግጦም ስለ ደምህ የምትሻውን ጠይቀኝ አለው። ያሬድ አስቀድሞ አስማለው፤ ከዚያም እንድመነኩስ አሰናብተኝ አለ። ንጉሡ አዘነ፤ ግን ስለ መሐላው ለቀቀው። ያሬድም አክሱም ጽዮን ገብቶ ምስጋናውን አድርሶ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ።

ሠዓሊዎቹ ከዚህ ሁሉ የመረጡት ጦሩ ገብቶ ገና ያልተነቀለበትን ቅጽበት ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጥያቄው፣ መሐላውና ስንብቱ ይመጣሉ፤ ሥዕሉ ውስጥ ግን ሁሉም በዜማው ውስጥ ናቸው። ስንክሳሩን የሚያውቅ ተመልካች ብቻ ነው ይህ ድምፅ ከቤተ መንግሥቱ ለዘለዓለም ሊጠፋ መሆኑን የሚያውቅ። ሥዕሉ ከጽሑፉ ተለይቶ ሊነበብ አይችልም የምንለው ለዚህ ነው፤ የሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪም ይህ ሥዕል የእርሱ ጉዳይ አይደለም ሊል አይገባውም።

ሌላም አለ። በአሣሣል ልማዳችን ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዐይኖቹ ይሣላል፤ ኃጥእ፣ አሳዳጅና አላዊ ግን በጎኑ፣ በአንድ ዐይኑ ብቻ። ገብረ መስቀል ደም ያፈሰሰ ንጉሥ ቢሆንም ባለ ሁለት ዐይን ነው። ሥዕሉ አይከሰውም። ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ታሪኩ ከስንት የሰማዕታት ታሪክ አንዱ ሆኖ ይቀር ነበር። ከባዱ ነገር ንጉሡ የወጋው ስለወደደ መሆኑ ነው። ማዳመጡ እውነተኛ ነው፤ ጦሩም እውነተኛ ነው። ያሬድ ካሣ ሲጠየቅ ወርቅ ወይም ርስት አለመለመኑ፣ ይልቁንም ከዚህ አድማጭ መራቅን መለመኑ፣ በኔ ግምት በትረካው ውስጥ እጅግ ጠንካራው ነጥብ ነው። ምንኩስናን ወደደ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ የሚበዛውም ተርጓሚ እንዲሁ ያልፋል። ነገር ግን የታሪኩ አወቃቀር ሁለቱን አስተሳስሯል፤ ያለ ጦሩ መሐላው፣ ያለ መሐላውም ስንብቱ አይኖርም ነበር።

የራፋኤል ሥዕልም የራሱ ወዳጅ ጉዳት አለው። ቫዛሪ እንደሚተርከው ሥዕሉ ቦሎኛ ሲደርስ የተቀበለው ፍራንቺያ የተባለው የከተማይቱ ሠዓሊ፣ ሣጥኑን ከፍቶ ቢያየው በውበቱና በራሱ ሥራ ማነስ ተሰብሮ ታሞ ሞተ። ታሪኩን የዘመናችን ተመራማሪዎች አያምኑትም፤ ተረት ሆኖም ቢሆን ግን ተቃራኒውን የያሬድ ታሪክ ነው፤ ያሬድን አድማጩ ወጋው፣ ፍራንቺያን ግን የጥበብ ሥራው ገደለው። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ የናፖሌዎን ጦር ሥዕሉን ወዶ ወደ ፓሪስ ወሰደው። እዚያም ከተሣለበት እንጨት ላይ ተልጦ ወደ ሸራ ተዛወረ፤ እ.ኤ.አ. በ1815 ተመለሰ። ጦር ይዞ የሚያደንቅ ተመልካች እንግዲህ ቦሎኛም ሄዷል።

ይህን ሁሉ ከአሶሳ ሆኖ ማየት ምን ይጨምራል? አሶሳ የያሬድም ዜማ የሚሰማባት ከተማ ናት። በተለይ በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በአካባቢው የሰፈሩት ገበሬዎች ከነበዓላቸውና ከነማሕሌታቸው ነው የመጡት። ነገር ግን የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ አብዛኛው እስልምናን የሚከተለው የበርታ ማኅበረሰብ፣ ስለ ሙዚቃ የተለየ ነገር የሚያውቅበት የራሱ መሣሪያ አለው፤ ስሙም ዋዛ ይባላል። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በእኛ ቋንቋ ዋዛ ቀልድ ነው፣ ፌዝ ነው፣ ከቁም ነገር በተቃራኒ የሚቆም ነገር ነው። “ዋዛ አይደለም” ብለን የምናከብረው ነገር ዋዛ ያልሆነውን ነው። በበርታ ዘንድ ግን ዋዛ ከመኸርና ከታላላቅ በዓላት ጋር የተያያዘ የተከበረ መሣሪያ ነው። ሁለቱ ቃላት የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ስለ በርታ ሙዚቃ በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ገና ስሙን ሲጽፍ ይህን ፈገግታ አልፎ መሄድ አለበት።

ዋዛ ቅል በቅል ላይ እየተቀጣጠለ የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ከሰው ቁመት የሚተካከል ሆኖ በቡድን ይነፋል። ወሳኙ ነገር እያንዳንዱ ዋዛ በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ነው። ዜማው በአንድ ሰው እጅ የለም። አንዱ የራሱን ድምፅ ሰጥቶ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል፤ ያኛው ለሦስተኛው ያቀብላል፤ ዜማ የሚባለው ከዚህ ቅብብል መካከል የሚወጣው ነው። ነፊዎቹ ይህን የሚያደርጉት እየዞሩና እየረገጡ ነው፤ ጨፋሪውም ከእነርሱ ጋር ይዞራል። ድንበር ተሻግሮ በሱዳን ብሉ ናይል ያሉት በርታዎችም ይህንኑ ያውቃሉ።

በዚህ መሣሪያ ያደገ ጆሮ የራፋኤልን ሥዕል ሲያይ የሚያነሣው ጥያቄ እኛ ከምናነሣው የተለየ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ሴሲልያ ለብቻዋ ትሰማለች፤ አጠገቧ ያሉት አራቱ አይሰሙም፤ የእርሷ ታላቅነትም ከዚሁ የመጣ ነው። በዋዛ ሥርዐት ግን ለብቻው የሚሰማ ሰው ዜማውን ያፈርሳል። ዐይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ የተመሰጠ ነፊ ተራው ያልፈዋል፤ ተራው ካለፈው ደግሞ የጎደለው የእርሱ ድምፅ ብቻ ሳይሆን ሁሉም የሚሠሩት ዜማ ነው። መስማት እዚህ ተመስጦ አይደለም፤ ሥራ ነው። ለገብረ መስቀልም ቦታ የለውም። ጦሩን ተደግፎ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ክቡ ውስጥ ገብቶ ቢቆም የሚሆነው እንቅፋት ነው፤ ወይ ይዞራል፣ ወይ ይወጣል።

ይህን ስንል ማሕሌቱን የአንድ ሰው ጥበብ አድርገን እንዳልሆነ ልብ ይባል። ማሕሌትም በግራና በቀኝ ተቀባብሎ የሚቆም የኅብረት ዜማ ነው፤ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ሆነው ያሸበሽባሉ። እንዲያውም ያሬድን ብቻውን ከንጉሡ ፊት ያቆመው ሥዕሉ ነው፤ ዜማው አይደለም። ሥዕል መሀል ይፈልጋል፤ መሀሉ ላይም አንድ ሰው ያቆማል። ቅድስና የግለሰብ ታሪክ ሆኖ በገድል በሚጻፍበት ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሁለቱ ሥዕሎች የጋራ አድርገው የያዙትን ነገር ለማየት ግን የሦስተኛውን መሣሪያ ድምፅ መስማት ያስፈልግ ነበር።

ለሂስ ሥራችን የሚተርፈው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። አሶሳና አካባቢዋ በ1890 ዓ.ም. ገደማ በራስ መኮንን ዘመቻ ከምኒልክ ግዛት ጋር ከተቀላቀሉ ወዲህ መሀል አገር ከዚያ ምን ይጠብቅ እንደነበር የታሪክ ጥናቶች በሰፊው አሳይተዋል፤ ወርቅና በባርነት የተያዘ ሰው። ዛሬ ከዚያው ምድር ዋዛ ይመጣል። በየዓመቱ ኅዳር 29 በሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን፣ በባህል መድረኮችና በቴሌቪዥን ዋዛው ይነፋል፤ ይጨበጨባል፤ ጭብጨባውም የውሸት አይደለም። ገብረ መስቀልም አልዋሸም። እኛስ በአማርኛ ስለዚህ ሙዚቃ ስንጽፍ የምንጠቀምባቸው “ማራኪ”፣ “ደማቅ”፣ “ቀልብ የሚስብ” የሚሉት ቅጽሎች ምን ይናገራሉ? ስለ ዋዛው የሚናገሩት ጥቂት ነው፤ ስለ አድማጩ መመሰጥ የሚናገሩት ብዙ። ማን ለማን እንደሚያቀብል፣ የዜማው መነሻና መድረሻ የት እንደሆነ፣ ረጅሙ ዋዛ ለምን በዚያ ቦታ እንደሚገባ፣ በበርታ ቋንቋ ነፊዎቹ ራሳቸው ለዚህ ቅብብል ምን ቃል እንዳላቸው ጠይቆ የሚጽፍ አማርኛ ሂስ ማየት ያጓጓል። ለግዕዙ ዜማ ይህ ተደርጓል፤ ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ከዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ ጀምሮ ትውፊቱ ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው ምልክት ድጓው ላይ ሰፍሯል፤ ስለ እያንዳንዱ ምልክትም የሚያስረዳ መምህር አይጠፋም። ይህን ያህል ተጠንቅቆ ማዳመጥ የሚችል ትምህርት ቤት ያለው ቋንቋ ለጎረቤቱ መሣሪያ ቅጽል ብቻ ይዞ መቅረቡ ነው የሚያስተዛዝበው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የሃይማኖት ሥዕልን ከዓለማዊ በዓል መሣሪያ ጋር አገናኝቶ ማየት ሥዕሉን ከዐውዱ ማውጣት አይሆንም ወይ? በከፊል ይሆናል። ምእመን ከያሬድ ሥዕል ፊት ሲቆም የሚፈልገው ረድኤት ነው፤ የአሣሣል ንድፈ ሐሳብ አይደለም፤ ይህም መብቱ ነው። ነገር ግን ሥዕሉ የተሣለው ስለ አንድ አድማጭና ስለ አንድ ዘማሪ ነው። አድማጩ በፍቅር ተጎትቶ ምን ሊያደርግ እንደሚችልም ሳይሸፍን አሳይቷል። ደሙን ላለመሣል ይቻል ነበር፤ ሠዓሊዎቹ ግን በትውልዶች ሁሉ ደሙን አልተዉትም።

ዋዛን የሚሥል ሠዓሊ ቢነሣ ደግሞ የሚገጥመው ችግር የተለየ ነው። ነፊዎቹ ክብ ሠርተው ይዞራሉ፤ ሁሉም አንዳንድ ድምፅ ይዘዋል፤ ከመካከላቸው ዜማውን ይዞታል ተብሎ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይኖቹ፣ ከሌሎቹ አግዝፎ የሚሣል ሰው የለም። ራፋኤል መሀሉን ለሴሲልያ፣ የኛዎቹ ለያሬድና ለንጉሡ ሰጥተውታል። በአሶሳው ሥዕል መሀሉ የሚሆነው ባዶ መሬት ነው፤ የተሰበረ ነገርም የለበትም፣ የጦር ጫፍም አላረፈበትም፤ ዙሪያውን ግን የእግር ዱካ ሞልቶታል።